አባይን በእርጥብ ሸምበቆ

ተወልጄ ያደግሁት ጣና ዳር ነው፤ ከሊበን ወደ ሐይቁ ሲወርዱ፣ ግልገል አባይ ከሐይቁ በሚቀላቀልበት በኩል። እኛ ዘንድ ልጅ በእግሩ ከመሄዱ በፊት ታንኳ ላይ ይቀመጣል ይባላል። ውሸት ነው፤ ግን ከእውነቱም ብዙ አልራቀም። አባቴ ደንገል የሚባለውን የሐይቅ ዳር ቄጠማ አጭዶ፣ በፀሐይ አድርቆ፣ በልጥ ጠፍሮ ታንኳ ሲሠራ ከሥሩ እየዋልኩ አደግሁ። ታንኳችን ጠባብና ረጅም ነበር፤ ሰው ተከታትሎ ይቀመጥበታል እንጂ ጎን ለጎን አይቀመጥበትም። የሚቀዘፈው በአንድ ረጅም ቀርከሃ ነው፤ መሐሉን ይዘህ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ውሃውን ወደ ኋላህ ትስባለህ።

አባቴ ቁጡ ሰው ነበር፤ ትምህርቱም ቁጣ ነበር። «በክንድህ አትቅዘፍ፣ በወገብህ ቅዘፍ» ይለኛል። «የታንኳውን አፍንጫ ወደምትሄድበት አቅና፤ ዓይንህንም ከዚያው አትንቀል» ይለኛል። ከውሃ ስንወጣ ደግሞ ታንኳውን ከዛፍ አስደግፈን፣ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ሳናቆመው ወደ ቤት መግባት የለም። «ታንኳ ውሃ ይጠጣል። የጠገበ ታንኳ እንደ ጠገበ ባለጌ ነው፤ የተሸከመውን ይጥላል» ይል ነበር። ከእነዚህ ምክሮች ሁለቱ ኋላ አባይ ላይ ጠበቁኝ። አንዱ እኔን ከዳኝ፤ ሌላውን እኔ ከዳሁት።

ቡሬ የገባሁት በጉልምስናዬ ነው። የደረቀ ዓሣ ይዤ ገበያ ወጥቼ፣ ሚስት ይዤ ቀረሁ። የሚስቴ አገር ከቡሬ ወደ ቆላው የሚያዘነብል ጥሩ የጤፍና የዳጉሳ መሬት ነው፤ ሰዉ ደግሞ ምላሱ ሥራ አይፈታም። እርሻ ስጀምር በሬዎቹ አልታዘዝ ሲሉኝ አማቼ ከአጥር ውጭ ቆመው «ሞፈሩን ግራና ቀኝ ባያወዛውዘው ምናለ! ይኸ ልጅ መሬቱን እየቀዘፈ ነው» አሉ። አገር ሳቀ። ከዚያ በኋላ ስሜ ቀርቶ «ቀዛፊው» ሆንኩ። እኔም እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይበግናል። እንግዳ ሆኜ ገብቼ እንግዳ ሆኜ እንዳልቀር እፈራ ነበር። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት እንደ ውርዴ ሥጋዬ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ይህንን አስቀድሜ መናገሬ ያለ ምክንያት አይደለም።

ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ አገሩ ሁሉ ሁለት ልብ ሆነ፤ የሚገብር ገበረ፣ የሸፈተ ሸፈተ። የእኛ መንደር ሰዎች አንድ ቀን ከመንገድ ላይ ካሚዮን መትተው ሁለት ሳጥን ጥይት ይዘው ገቡ። በሦስተኛው ቀን ጣሊያን ባንዳውን አስቀድሞ መጣ። ቤቱም፣ ጎተራውም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ነደደ። ቄሱ እሳቱ ጣራው ላይ ሳለ ገብተው ታቦቱን አወጡ፤ ጺማቸው ግማሹ ተቃጥሎ ነበር። የእኔም የሚስቴም የነፍስ አባት እሳቸው ናቸው። አገር ሁሉ ወደ አባይ በረሃ ወረደ።

የቆላ ዋናተኞች በተነፋ ስልቻ ሰዉን እየጎተቱ ወደ ወለጋ ማዶ አሻገሩት። ያኔ ውሃው ገና ዝቅ ያለ ነበር። ሚስቴ ግን ቁልቁለቱ ላይ ምጥ ያዛት። ዋሻ ውስጥ ሴት ልጅ ወለደች፤ የመጀመሪያችን ናት። አራስ በስልቻ አይጎተትም። ቄሱም ታቦት ተሸክመው ውሃ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ ሁለት የማይሻገሩ ሰዎች፣ ሚስቴና ቄሱ፣ ከእኔ ጋር ቀሩ፤ እነሱን የሚጠብቁ ሰባት ባለጠመንጃዎችም ቀሩ። ዋናተኞቹ ወደ ቀያቸው ተመለሱ። እንዲህ ሆነን ሦስት ሳምንት ተቀመጥን። ደጋው ላይ ዝናብ ጀመረና ውሃው መቅላት፣ ከዚያም በየቀኑ ወደ ላይ መውጣት ያዘ።

«ቀዛፊው፣ እስቲ ቀዝፍ» ያለኝ ከሰባቱ አንዱ ነው። ሲቀልድ ነበር። እኔ ግን ልቤ ዘለለ። አንድ ጊዜ እንኳ የማውቀው ነገር የሚፈለግበት ቀን መጣ አልኩ።

ደንገል በዚያ በረሃ የለም፤ ሸምበቆ ግን ሞልቷል። በአራት ቀን አጭጄ፣ አስሬ፣ ወገቡን በልጥ ጠፍሬ፣ እንደ አባቴ ታንኳ ረጅምና ጠባብ አድርጌ ሠራሁት። ሸምበቆው እርጥብ ነበር። ደንገል ቢሆን ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፤ ውሃው ግን በየቀኑ እየወጣ ነው፤ እኔ ለማድረቂያ ሁለት ቀንም አልነበረኝ። እየሠራሁ አውቀው ነበር፦ ይህ ታንኳ አንድ ጊዜ በደንብ ያሻግራል። ለሁለተኛው ጊዜ ግን ቆሞ ካልተንጠፈጠፈ አይታመንም። ይህንን ለሚስቴ ነገርኳት፤ ለቄሱም ነገርኳቸው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ይጠብቅ የነበረው ከሰባቱ አንዱ እየተንከባለለ ወረደ። ባንዳና ጣሊያን ቁልቁለቱን ጀምረዋል፤ በቅሎም ይዘዋል። መንገዱን ለሚያውቅ ቁልቁለቱ የግማሽ ቀን ነው። መንገድ መሪያቸው ደግሞ የኛው አገር ሰው ነበር።

ታንኳውን ወደ ውሃው አወረድነው። ሰባቱም ቆመዋል። ሚስቴ ልጇን ታቅፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ቄሱ ታቦቱን በመጎናጸፊያ እንደተጠቀለለ በራሳቸው ተሸክመው መጡ። ሁላችንም ሰገድን። ሴት ልጅ የወለደች አራስ ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ስለዚህ እሷና ታቦቱ በአንድ ታንኳ ላይ ፊትና ኋላ ይቀመጡ የሚል ሐሳብ ለማንም አልመጣም። ቢመጣም ታንኳው አይችላቸውም። አንዱ ይቀድማል፤ ሌላው ይከተላል።

ቄሱ ወደ እኔ ቀርበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አራሷን አስቀድም» አሉኝ።

«ምነው አባ?»

«እኔ እዚህ ቋጥኝ ሥር እቆያለሁ። ታቦት ጠባቂ አያጣም። ሁለተኛው ጉዞ አይታመንም ያልከኝ አንተ አይደለህም እንዴ? ሚስትህንና ሕፃኗን ውሰድ።»

ዞር ብዬ ሰባቱን አየሁ። አንዱ ጠመንጃውን ከግራ ትከሻው ወደ ቀኝ አዛወረ፤ ሌላው መሬት መሬት ያያል። ማዶ ያሉት የመንደሩ ሰዎች ደግሞ ዳገቱ ላይ ተደርድረው ወደ እኛ ያያሉ። በአንድ ጊዜ የሚሉት ሁሉ ተሰማኝ፦ ታቦት በጠላት እጅ አስቀርቶ ሚስቱን አሻገረ፤ ድሮስ የውሃ ዳር መጤ አይደል! ማንም ይህንን አላለም። እኔ ግን ሰማሁት።

ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሁሉም እንዲሰማ፣ «ታቦት ቆሞ ሚስቴን አላሻግርም!» አልኩ።

ሰባቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወንድ ነው» ያለም ነበር። እኔም ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያላፈርኩበት ብዙ ነገር አለ፤ በዚያች ደስታ ግን እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ቄሱ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። ሚስቴን አላየኋትም። ሆን ብዬ ነው ያላየኋት።

ቄሱን ከፊቴ አስቀምጬ ገፋሁ። ታቦቱ ራሳቸው ላይ ነው፤ ከዚያ ሌላ ቦታ አይቀመጥም። ጠባብ ታንኳ ላይ ክብደቱ ከላይ ሲሆን ምን እንደሚያደርግ የቀዘፈ ያውቃል፤ እሳቸው በተነፈሱ ቁጥር ታንኳው ይወዛወዛል። አባቴ እንዳስተማረኝ ማዶ አንድ ትልቅ ሾላ አየሁና አፍንጫውን ወደዚያው አቀናሁ። ሐይቅ ላይ ትክክል ነው። አባይ ግን ሐይቅ አይደለም። መሐል ሳልደርስ ውሃው ጎኔን አገኘና እንደ ገለባ ወደ ታች ይወስደኝ ጀመር። ሾላው ወደ ላይ ሸሸ። ከታች ነጭ ውሃ የሚያገሳበት፣ ሁለት ቋጥኝ ያጠበቡት ቦታ ነበር።

ያኔ ምን እንዳደረገኝ አላውቅም፤ ቀርከሃውን በቀኝ ተክዬ አፍንጫውን ወራጁ ወደሚመጣበት ወደ ላይኛው ውሃ አዞርኩት። በትክክል አይደለም፤ ትንሽ ወደ ማዶ አጋደልኩት። በወገቤ ስቤ ስቤ ታንኳውን ውሃው ላይ አቆምኩት። ያኔ ያ ሊወስደን የነበረው ውሃ ራሱ ጎናችንን እየገፋ ወደ ማዶ ያሻግረን ጀመር። ወደምትሄድበት አታይም፤ ወደሚመጣብህ ታያለህ። አባቴ ይህንን አላስተማረኝም፤ አያውቀውምም ነበር። ቄሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ይደግማሉ። ወደብ ካልነው ቦታ ሁለት የወንጭፍ ውርወራ ያህል ወርደን ከዳር ደረስን።

እልልታው ገደሉን ሞላው። ሰዉ ሮጦ መጣ፤ መሬት ላይ ተደፋ፣ ሰገደ፣ አለቀሰ። እኔንም አቀፉኝ። አማቼ ግንባሬን ሳሙኝ፤ «ልጄ» አሉኝ፤ ከዚያ ቀን በፊት ብለውኝ አያውቁም። ታንኳው ግማሽ አካሉ ውሃ ውስጥ ተኝቷል። ከዛፍ አስደግፎ ማቆም ነበረብኝ። አንድ ሁለት ሰው «ና አንሳልኝ» ብል ይበቃ ነበር። ግን ሰዉ እየተሰለፈ ታቦቱን ሲሳለም፣ እኔም ተሰልፌ ተሳለምኩ። ሰው ሁሉ ሲሰግድ ሸምበቆ ላንጠፍጥፍ ብዬ እንዴት ልሂድ? ስንመለስበት ታንኳው ጠግቧል። ዳር ዳሩን ወደ ላይኛው ውሃ ስንጎትተው ከአራት ሰው በላይ ፈለገ። ቄሱ ብቻ ከሰዉ መሐል ሆነው «ሂድ እንጂ! ምን ትጠብቃለህ?» ብለው ጮኹብኝ።

ብቻዬን ስመለስ ተሸከመኝ። ዳር ስደርስ የመጀመሪያው ጥይት ከላይ ተሰማ። ሰባቱ ቋጥኝ ለቋጥኝ ተበትነው ይተኩሳሉ። አሁን ማቆምና ማንጠፍጠፍ የሚባል ነገር የለም። ሚስቴ ተነሥታ መጣች። ልጇን በጀርባዋ ልታዝል ስትል «በደረትሽ እሰሪያት፤ ፊቷ ወደ ላይ ይሁን» አልኳት።

«እንደ ወደድክ» አለችኝ። «ውሃ ያንተ አገር ነው።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ እንዴት በተሻለኝ ነበር።

ታንኳው ሁለታችንን ሲይዝ ዳሩ ከውሃው ጋር እኩል ሆነ። ገፋሁ። አሁን የአባይን መላ አውቄዋለሁ፤ ገና ከዳር ስነሣ አፍንጫውን ወደ ላይ አዞርኩ። ዕውቀት ግን የጠገበ ሸምበቆ አያነሣም። ጠዋት በአንድ መሳብ የሚታዘዘው አሁን በአራት መሳብ አይታዘዝም። አፍንጫው ራሱን አያቀናም፤ ጅራቱ ይሰምጣል፤ ውሃው በእኔ በኩል ገብቶ በእሷ በኩል ይወጣል። በወገቤ፣ በክንዴ፣ በጥርሴ ቀዘፍኩ። መሐል ላይ ወገቡን የያዘው ልጥ ሲላላ ከሥሬ ተሰማኝ። «እግዚኦ» ማለት ጀመርኩና ትንፋሽ አጠረኝ። ወደቡ አለፈን። ሰዎቹ ዳር ዳሩን እየሮጡ ይጮኻሉ፤ የሚሉትን ግን አልሰማም።

ወደ ቋጥኞቹ ስንቃረብ አንድ ነገር ብቻ ቀረልኝ፤ በጎን እንዳንገባ ማድረግ። አፍንጫውን መልሼ ወደ ታች አዞርኩት። በሁለቱ ቋጥኝ መሐል ውሃው ለስላሳ ሆኖ የሚወርድባት ጠባብ መንገድ ነበረች፤ እዚያ ላይ አነጣጠርኩ። ረጅም ታንኳ ቀጥ ብሎ ከገባ ያልፋል። ቀጥ ብሎ ገባ። ከታች ያለው ማዕበል ግን አጥፎ አነሣንና ታንኳውን ወገቡ ላይ ቆረጠው። ከዚያ በኋላ ውሃ ብቻ ነበር።

ሚስቴን በነጠላዋ ነው የያዝኳት። ከቋጥኙ ጀርባ ውሃው ወደ ኋላ የሚዞርበት ቦታ ጣለን፤ እዚያ አንድ ሥር ያዝኩ። አንድ ጊዜ ወጣን፣ አንድ ጊዜ ጠለቅን፣ ደግሞ ወጣን። እሷ ሁለት እጇን ልጇ ላይ ጭናለች፤ ለራሷ እንድትንሳፈፍ አንዱን እንኳ አላነሣችም። የማዶዎቹ ሰዎች ደርሰው በገመድ ጎተቱን። ሕፃኗ አስመለሳት፣ አሳላት፣ አለቀሰች። እኔ መሬት ላይ ተደፍቼ እንደ ልጅ አነባሁ፤ ዳንን ብዬ።

ሰባቱ በስልቻቸው በጥይት መሐል እየዋኙ መጡ፤ ሰባቱም ገቡ። ጥይት ግን ከማዶ አልቆመም። እሳት ማንደድ አልተቻለም፤ ጭስ ባዩ ቁጥር ወደዚያው ይተኩሳሉ። ዳገቱን ስንወጣ ዝናብ ጀመረ። ያለን ልብስ ሁሉ እርጥብ ነበር። አራት ሴቶች ልጅቷን በየተራ ከደረታቸው ጋር እያጣበቁ ሊያሞቋት ሞከሩ። መጀመሪያ ታለቅስ ነበር፤ ከዚያ መንቀጥቀጥ ብቻ ሆነ፤ ከዚያ መንቀጥቀጡም ቆመ። ከንፈሯ እንደ ዶቅማ ፍሬ ጠቆረ። ሚስቴ «ጡት እምቢ አለች» አለች። ደጋግማ ያንኑ ብቻ ትላለች፤ «ጡት እምቢ አለችኝ።»

ቄሱ ታቦቱን ድንኳን በመሰለ ጨርቅ ሥር አኑረው መጡና አዩዋት። ሴት ልጅ የምትጠመቀው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ያን ቀን ግን ይጠበቅ ያለ የለም። ውሃ በቅል አስመጡ፤ ባረኩ። ከዚያ ወዲያው አላፈሰሱም፤ ትንሽ ትንሽ በመዳፋቸው ይዘው በትንፋሻቸው እስኪሞቅ ይጠብቁ ነበር። ግማሽ የተቃጠለው ጺማቸው ላይ ዕንባቸው ይወርዳል። አጠመቋት፤ የክርስትና ስሟን በጆሮዋ ነገሯት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዐረፈች። ከተጠመቀች በኋላ ስለሆነ በጸሎት ተቀበረች፤ ወለጋ መሬት ላይ፣ ከአንድ የዋንዛ ዛፍ ሥር። ቄሱ ፍትሐቱን ሲጨርሱ ወደ እኔ መጥተው «ነግሬህ ነበር» የሚሉ መስሎኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን «ባዝዝህ ኖሮ እሺ ትለኝ ነበር። አላዘዝኩህም። እኔም ፈራሁ» አሉኝ።

ጣሊያን ወጣ። እኛም ወደ ቡሬ ተመለስን፤ ቤት ሠራን፣ ቤተ ክርስቲያኑም ተሠራ፣ ታቦቱም ገባ። አራት ልጆች ወለድን፤ ሁሉም አደጉ። እንግድነቴ ቀረ። «ቀዛፊው» የሚለው ስም ክብር ሆነ። በንግሡ ቀን ታቦቱ ሲወጣ ሰባኪው የዚያን ቀን ታሪክ ያነሣል፦ ይህ ሰው ሚስቱንና ልጁን ወንዝ ዳር አቁሞ ታቦቱን አስቀደመ፣ እንደ አብርሃም ለልጁ አልሳሳም ይላል። ሰዉ ያጨበጭባል። ከሽማግሌዎቹ መሐል ያስቀምጡኛል። የፈለግሁትን ሁሉ አገኘሁ።

ሚስቴ በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ስለዚያ ቀን አልጠየቀችኝም። እኔም አላነሣሁባትም። ይቅር ብላኛለች እል ነበር፤ አንዳንዴም ረስታዋለች እል ነበር። ሰው ለራሱ ሲል የማያምነው ነገር የለም።

አንድ ዓመት ከንግሡ ስንመለስ፣ ስብከቱ ከሌላው ጊዜ ረዝሞ፣ እልልታውም በርትቶ ነበር። ሁለታችንም አርጅተናል። እሷ ከኋላዬ በመቋሚያዬ ልክ በቆረጠችው በትር እየተደገፈች ትመጣለች። መንገዱ ጭር ያለ ነው። ድካሙ ይሆናል ብዬ ቆሜ ጠበቅኋት። ደርሳ አጠገቤ ቆመች፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ መንገዱ እያየች፣ ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ፦

«ታቦቱኮ አይበርደውም ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ቀድማኝ ሄደች።